ፎገራ፦ ጣና ያለመለመው ሜዳ

ከባሕር ዳር ተነስቶ የአባይን ድልድይ በመሻገር በጎንደር መንገድ የሚጓዝ ሰው፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ ወረታ ከተማ ይደርሳል። ከዚህ በስተግራ እስከ ጣና ሐይቅ ድረስ የተዘረጋው ለጥ ያለ መሬት የፎገራ ሜዳ ነው። ብዙው ጎብኚ ግን በመስኮት አይቶት ያልፋል፤ የጣና ጉብኝት ሲባል በጀልባ ወደ ገዳማቱ ደርሶ መመለስ ብቻ ተደርጎ መቆጠሩ ያስቆጫል።

አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። በሐምሌና በነሐሴ የርብና የጉማራ ወንዞች ከደጋው ደለል ተሸክመው ሲሞሉ፣ ሐይቁም ሲያብጥ፣ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል።

ይህ ውኃ ለጤፍና ለሌሎች ሰብሎች ጠንቅ ነበር። መልኩን የለወጠው ሩዝ ነው። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በአካባቢው የተሞከረው ሰብል ከአርሶ አደሩ ጋር ተላመደ፤ ለረጅም ጊዜ በስፋት የተዘራው ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው እዚያው ከሚገኘው ከጅግና ነው። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው በፎገራ ነው። ሥራው ግን ቀላል አይደለም። አረሙ ፋታ አይሰጥም፤ በክረምቱ አጋማሽ በየማሳው ጎንበስ ብለው የሚያርሙ ሰዎችን ማየት የተለመደ ነው። አጨዳው በኅዳርና በታኅሣሥ ይደርሳል።

ሩዙ ማዕድ ቤትም ገብቷል። ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይጋገርበታል። ብቻውን ሲሆን እንጀራው ነጣ ብሎ ያምራል፤ ነገር ግን ቶሎ ይደርቃል፤ ስለዚህ ባለሙያ እናቶች ጤፉን አይተውም። ዳቦና ጠላም ይሠራበታል። ከሐይቁ ቀረሶና አምባዛ ይገኛል። ሩዙ ከተነሳ በኋላ በቀሪው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ የውኃ መሳቢያ ሞተር ያለው ደግሞ ሽንኩርት ያለማል።

ሩዙ ሲስፋፋ ግን የጠበበ ነገር አለ፦ ግጦሽ። የፎገራ ከብት፣ ያ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ረግረጉንና ተናካሽ ዝንቡን ችሎ የሚኖር፣ በወተቱም የሚታወቅ የአገር ዝርያ ነው። የግጦሽ መሬቱ ወደ ማሳ ሲቀየርና ከሌሎች ከብቶች ጋር ሲዳቀል ንጹሑ ዝርያ እየተመናመነ መጥቷል። የሩዝ ገለባ ለመኖ ይውላል፤ የለመለመውን ሣር ያህል ግን አይሆንም። ዝርያውን ለማቆየት በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። ዘላቂው ጥበቃ ግን አርሶ አደሩ ደጅ ካልሆነ የት ሊሆን ነው?

ወላላና ሸሸር የተባሉት ረግረጎችም ተመሳሳይ ፈተና ላይ ናቸው። ክረምቱ ሲያልፍ ውኃቸው በሞተር ለሽንኩርት ይሳባል፤ የደረቀው ዳር ይታረሳል። ሽንኩርቱ ልጅ ያስተምራል፣ ቤት ቆርቆሮ ያለብሳል፤ አርሶ አደሩን መውቀስ አይቻልም። ሆኖም ረግረጉ የከብቱ የበጋ መጠጥና ግጦሽ፣ በብርዱ ወራት ከአውሮፓ የሚመጡ ወፎችም ማረፊያ ነው። በሐይቁ ዳር ደግሞ ከ2004 ዓ.ም ወዲህ እንቦጭ ተጨምሯል፤ የዓሣ አስጋሪውን መረብና የታንኳውን መንገድ ይዘጋል።

ሜዳውን ለምለም ሆኖ ማየት የሚሻ ተጓዥ በመስከረምና በጥቅምት መጀመሪያ ቢመጣ ይመረጣል። ወፎቹን የፈለገ ከኅዳር እስከ ጥር ይምጣ። አፈሩ ዋልካ በመሆኑ ዝናብ ከጣለ መኪና ይይዛል፤ ከወረታ ወደ ሐይቁ ለመውረድ የአካባቢውን ሰው ይዞ በእግር መሄድ ይሻላል።