ልጆቹን ብቻ አትላኩ፣ እናንተም ኑ

ቅዳሜ ጠዋት ከልጆች ጋር ስለምናደርገው የወፍ ጉዞ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር እየጠየቃችሁኝ ነው። በተለይ “ልጄን ልላክልህ፣ እኔ ግን ሥራ አለብኝ” የምትሉኝ በዝታችኋል። ልጁ ይምጣ፣ ደስ ይለኛል። እናንተ ስትኖሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የምንሄደው ወደ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ነው። ስሙ ጉለሌ ይሁን እንጂ ከ705 ሄክታሩ የተወሰነው ያለው በእኛው በኮልፌ ቀራኒዮ ነው። ልጆቹን መጀመሪያ የማሳያቸው ግን ሩቅ አገር ያለ ነገር አይደለም። ጎህ ሲቀድ እየጮኹ በጣሪያችን ላይ የሚያልፉትን፣ ምንቃራቸው ረጅምና ቆልመም ያለውን ትልልቅ ጠቆር ያሉ ወፎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። እርጥብ ሣር ላይ ሲያርፉ ቀስ ብለን እንቀርባለን። ወፉ ምንቃሩን መሬት ውስጥ ሰክቶ ትል ሲፈልግ፣ ከጉሮሮው ሥር የተንጠለጠለችው ሥጋ ስትወዛወዝ ትታያለች። ሲነሣ ደግሞ ክንፉ ላይ ነጭ ይበራል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ወፉን ትተው እርስ በርስ ይተያያሉ፤ በየቀኑ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳቸው እሱ ነዋ!

ስም ቶሎ አልናገርም። “ይቺ ምንድን ናት?” ሲሉኝ “ምን እየሠራች ነው?” ብዬ እመልሳለሁ። ልጅ ስሙን ከሰማ ዓይኑን አንሥቶ ወደሚቀጥለው ይሮጣል፤ ካልሰማ ግን ቆሞ ያያል። ትበላለች? ምን? ብቻዋን ናት? ለምን ጭራዋን ታወዛውዛለች?

ወላጅ የሚያስፈልገኝም እዚህ ላይ ነው። የሰፈራችን ሰው አብዛኛው ወይ ራሱ ወይ እናት አባቱ ከገጠር የመጡ ናቸው። ባለፈው አንድ አባት ስልካቸውን ይዘው ዝም ብለው ሲከተሉን ቆዩ። ከሣሩ ውስጥ ትንንሽ ወፎች በመንጋ ብድግ ሲሉ ግን “እነዚህን ነው እኮ ስጠብቅ ያደግኩት!” አሉ። ከዚያ ማማ ላይ ተቀምጠው ከማሽላ ማሳ ወፍ ሲያባርሩ እንደነበር፣ ወንጭፉ እንዴት እንደሚገመድ፣ ወፎቹ በየትኛው ሰዓት እንደሚበረቱ፣ የትኛዋ ቀድማ እንደምትመጣ አወሩ። ልጃቸው አባቷን አፍጥጣ ታያቸዋለች። ከዚያ በኋላ እኔን የጠየቀኝ ልጅ የለም፤ ሁሉም እሳቸውን ከበበ። እኔ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን እሳቸው ከልጅነታቸው ይዘውታል፤ ቤት ውስጥ ግን ጠይቋቸው የሚያውቅ አልነበረም።

እኔም የምጨምረው አለኝ። አንድ ልጅ የመስቀል ወፍ ሌላ ጊዜ የት እንደምትሄድ ጠየቀኝ። በየአገሩ በዚህ ስም የሚጠሩት ወፍ ይለያያል፤ በብዙ ቦታ ግን ክረምቱ ሲያበቃ ደማቅ ቀይ ወይም ቢጫ ከጥቁር ጋር ለብሶ የሚታየው ወንዱ ነው። የትም አይሄድም። የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ እንደ ዓመት በዓል ልብስ ያንን ላባ ይቀይረውና ቡናማ ሆኖ ከድንቢጦች ጋር ይመሳሰላል። ከልጆቹ ይልቅ የተደነቁት ትልልቆቹ ነበሩ።

ከረጲ በኩል የሚመጡ ልጆች ደግሞ ጥንብ አንሳን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ቆሻሻ መጣያው ቆሼ ላይ ሲወርድ እያዩ ነው ያደጉት። አንገቱ የተራቆተውን ትንሹን ጥንብ አንሳ የሚንቀው ሰው ብዙ ነው፤ እሱ ግን በመርዝና በመሳሰለው እያለቀ ስለሆነ በዓለም ደረጃ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች አንዱ ሆኗል። በድን አጽድቶ በሽታ የሚከላከልልንን ወፍ ልጆቻችን በድንጋይ ሲያባርሩ ሳይ ያንገበግበኛል።

ልጆችና ወላጆች አብረው ሲሠሩ ምን እንደሚመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአምቦ መንገድ ከጌፈርሳ አልፎ፣ ከሆለታ ወዲያ በርጋ የሚባል ረግረጋማ ሜዳ አለ። ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት፣ ሣር ውስጥ ተሸሽጋ የምትኖር፣ በዓለም እጅግ ብርቅ የሆነች ትንሽ ወፍ በክረምት እዚያ ትራባለች። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከነዋሪዎቹ ጋር ሠርቷል። አርሶ አደሮቹ በመራቢያዋ ወቅት ከብቶቻቸውን ከሜዳው ለማራቅ ተስማሙ፤ ከዚያው ሥራ ጋር ተያይዞ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ተሠራ። ወፏን የሚጠብቋት ልጆችም ወላጆችም ናቸው።

እንግዲህ ለቅዳሜ፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እንነሣለን፤ ፀሐይ ከበረታች ወፎቹ ጥላ ውስጥ ይገባሉ። ነጭና ደማቅ ልብስ አታልብሷቸው፣ ሹራብ ግን አይርሱ፤ ጠዋት ላይ ብርዱ ጠንካራ ነው። ባይኖኩላር የሌለው አይቅር፤ ያሉንን በተራ እንጠቀማለን። ደብተርና እርሳስ ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለእናንተም ያዙ። አያቶች መራመድ ከቻሉ በጣም እንፈልጋቸዋለን፤ ቀስ ብለን ነው የምንሄደው።