ለአሮጌ ፓይተን አዲስ ታይፕ ሂንት፦ ተረትና እውነታ

የፓይተን ፕሮግራመር «ይህ ቁጥር ነው፣ ያኛው ጽሑፍ ነው» እያለ በኮዱ ውስጥ የሚያሰፍረው ምልክት ታይፕ ሂንት ይባላል። «ታይፒንግ» የተባለው ሞጁል እ.ኤ.አ. በ2015 ከፓይተን 3.5 ጋር ከወጣ ወዲህ በየጊዜው አዳዲስ ነገር ተጨምሮበታል። አሮጌ ስሪት ላይ ያለ ሰው አዲሱን የሚያገኘው «ታይፒንግ ኤክስቴንሽንስ» ከሚባል ላይብረሪ ነው።

ብዙዎች ይህን ላይብረሪ ሲጭኑ አሮጌው ፓይተን ስህተታቸውን የሚይዝላቸው ይመስላቸዋል። አይይዝም። አዲሱም ፓይተን ቢሆን ቁጥር በተባለበት ቦታ ጽሑፍ ቢገባ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ስህተቱን የሚለቅሙት እንደ ማይፓይና ፓይራይት ያሉ መርማሪዎች ናቸው። በፓይተን 3.12 የገባውን «ኦቨርራይድ» እንይ። አንድ ሜቶድ የወላጅ ክላሱን ሜቶድ እንደሚተካ ይናገራል፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ ግን ሜቶዱ ላይ አንዲት መለያ ከማኖር በቀር ምንም አያደርግም። የወላጁ ሜቶድ ስሙ ተቀይሮ የልጁ በድሮ ስሙ ሲቀር የሚጮኸው መርማሪው ነው። ወደ አሮጌ ስሪት መውሰድ የሚቻለውም ሥራው ይህን ያህል ቀላል ስለሆነ ነው።

ሁሉም ነገር ግን አይወሰድም። «ሴልፍ» በ3.11 የመጣ ስም ስለሆነ ከላይብረሪው ይገኛል። በ3.12 የመጣውና «ታይፕ» ብሎ የሚጀምረው አጻጻፍ ግን የሰዋስው ለውጥ ነው፤ 3.11 ፋይሉን ገና ሲያነብ ስህተት ብሎ ይጥለዋል። ይህን የሚያድን ላይብረሪ የለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው «የጥገናው ሥራ ገልብጦ መለጠፍ ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ የላይብረሪው ኮድ በአንድ ፋይል ያልቃል። ፋይሉ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ «ይህ ስም ታይፒንግ ውስጥ አለ ወይ?» የሚል ነው፤ ካለ ያንኑ ይሰጣል፣ ከሌለ የራሱን። ይሁንና መኖሩ ብቻ የማይበቃበት ጊዜ አለ። «ፕሮቶኮል» ከ3.8 ጀምሮ አለ፤ በ3.12 ግን በፕሮቶኮል የሚደረገው የ«ኢዝኢንስታንስ» ፍተሻ ፈጠነ፣ ላይብረሪውም በ4.6.0 ይህንኑ ፍጥነት ለቀደሙት ስሪቶች አደረሰ። የገባን ነገር ማውጣትም ከባድ ነው፦ «ዶክ» የተባለው ስም ወደ ቋንቋው እንዲገባ የቀረበው ሐሳብ ቢሰረዝም፣ ፋስት ኤፒአይ የተባለው ፍሬምወርክ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ይጠቀምበት ስለነበር ስሙ ወዲያው ከላይብረሪው አልወጣም። ተንከባካቢዎቹ በላይብረሪው የሚጠቀሙትን የፓይዳንቲክንና የኤስኪውኤል አልኬሚን ፈተናዎች በየቀኑ የሚያስሮጡት አንዲት ለውጥ የሌላውን ሰው ሥራ እንዳታፈርስ ነው።

ተጠቃሚውም የድርሻውን ይወጣ። «ኦቨርራይድ»ን የሚፈልግ ሰው ስሙ ወደ ላይብረሪው የገባው በ4.4.0 ነውና፣ የሚያስፈልገውን የላይብረሪ ስሪት «ከ4.4.0 ጀምሮ፣ ከ5 በታች» ብሎ ይጻፍ።