ድመቷን የማያባርር ቡችላ፤ ለጎጃም እህል ነጋዴ የትኛው ያዋጣል?

በጎጃም ደጋ እህል የሚነግድ ሰው ሁለት ዓይነት ሌባ አለበት። አንዱ በአጥር ዘሎ የሚገባው ባለ ሁለት እግር ነው፤ ሌላው በቆርቆሮ ሥር ሾልኮ የሚገባው ባለ አራት እግር። ለፊተኛው ውሻ፣ ለኋለኛው ድመት ይያዛል። ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን፣ ከሉማሜ እስከ ብቸና እህል የሚያከማች ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ጣጣው የሚመጣው አዲስ ውሻ የተገዛ ዕለት ነው። ውሻው ድመቷን ያሯሩጣታል። ድመቷ አንድ ሁለት ቀን ጣሪያ ላይ ታድርና ጎረቤት ትገባለች። ነጋዴው ከሌባ ዳንኩ ብሎ እፎይ ሲል የጤፍ ጆንያው ከሥሩ መቀደድ ይጀምራል።

ይህ ነገር በገበያ ገጽ ላይ ምን አመጣው የሚል አንባቢ ሒሳቡን ይመልከት። አንዲት የቤት አይጥ በቀን ከ15 እስከ 25 ግራም እህል ትበላለች። መካከለኛውን 20 ግራም ብንወስድ በዓመት 7 ኪሎ ከ300 ግራም ይመጣል። በአንድ መጋዘን ውስጥ 50 አይጦች ቢኖሩ፣ በክምር ጆንያ መካከል 50 አይጥ ደግሞ ጉድ የሚያሰኝ ቁጥር አይደለም፣ 365 ኪሎ ማለትም ከሦስት ኩንታል ተኩል በላይ እህል በዓመት ይሄዳል። በዕለቱ የጤፍ ዋጋ ማባዛቱን ለአንባቢ እንተወዋለን። ይህም የተበላው ብቻ ነው። በሽንትና በዓይነ ምድር የሚበላሸው፣ ከተቀደደ ጆንያ የሚፈሰው ሲጨመር ጉዳቱ ከተበላው ይበልጣል። በተለይ ጤፍ ላይ። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ተሰብስቦ የሚመዝነው የግራም ሲሦ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ጥርስ የነካው የጤፍ ጆንያ እንደ ውኃ ነው የሚፈሰው።

ጤፍን ነቀዝ እንደማይደፍረው ገበሬውም ነጋዴውም ያውቃል። ስንዴና በቆሎ በነቀዝ ሲያልቁ፣ ደርቆ የገባ ጤፍ ለዓመታት ይቀመጣል። ስለዚህም ጤፍ ይዞ ዋጋ የሚጠብቅ ሰው ዋና ጠላቶቹ እርጥበት፣ ሌባና አይጥ ናቸው። በቅርብ ዓመታት የመጡት አየር የማያስገቡ ከረጢቶች ለነቀዝ ፍቱን ቢሆኑም አይጥ አንድ ቀዳዳ ካበጀችባቸው ከተራ ጆንያ አይለዩም። የአይጥ መርዝ ደግሞ ከእህል ጋር አብሮ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ መርዝ የቀመሰችውን አይጥ የበላች ድመትም ልትሞት ትችላለች። እንግዲህ ድመቷ በደመወዝ መዝገብ ላይ ባትሰፍርም የመጋዘኑ ነባር ሠራተኛ ናት። ቡችላ የሚገዛ ነጋዴም መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ ውሻው ምን ያህል ይናከሳል የሚለው ሳይሆን ይህችን ሠራተኛ ያቆይልኛል ወይ የሚለው ነው።

ገንዘብ ያገኘ ነጋዴ ወደ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ጭነቱን አድርሶ ሲመለስ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ የአባይን በረሃ አቋርጦ፣ በካርቶን ውስጥ የፈረንጅ ቡችላ ይዞ መምጣቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ሻጩም ደላላውም የሚያወሩት ስለ ዝርያው ስም ነው። ዝርያ ማለት ግን በአጭሩ የሥራ ታሪክ ነው፤ ውሻው ለብዙ ትውልድ ለምን ሥራ ሲመረጥ እንደኖረ ይናገራል።

ቴሪየር የሚባሉት በእንግሊዝ አገር አይጥና ቀበሮ እያሳደዱ እንዲገድሉ የተመረጡ ናቸው። እህል ነጋዴ ይህን ሲሰማ “ታዲያ ድመቷ ምን ታደርግልኛለች?” ሊል ይችላል። ውሻ ግን ጆንያ ክምር ላይ አይወጣም፣ በማገር ላይ አይሄድም፣ በጨለማ ቀዳዳ ሥር ሦስት ሰዓት ተደፍቶ አይጠብቅም። ቴሪየር የገባበት ግቢ ብዙውን ጊዜ ድመቷን ያጣል፣ አይጡንም ሙሉ በሙሉ አይጨርስም። ግሬይሀውንድና መሰሎቹ ደግሞ የሮጠን ሁሉ አይተው እንዲያሳድዱ የተፈጠሩ ስለሆኑ ድመት በሮጠች ቁጥር ነገር አለ።

በአገራችን ከሁሉ በላይ ስሙ የገነነው ጀርመን ሼፐርድ፣ በተለምዶ “ጀርመን” የምንለው፣ መነሻው በግ ጠባቂ ነው። ዝርያው በስሙ መመዝገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። የሚንቀሳቀስን ነገር የመከተል ጠባይ አለው፤ ነገር ግን ታዛዥና ፈጥኖ የሚማር በመሆኑ በሕፃንነቱ ከድመት ጋር ካደገ ይለምዳል። አድጎ ከተገዛ ግን ችግር ነው። ዶበርማን ፀጉሩ አጭር ስለሆነ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ማርቆስ ሌሊቱን ደጅ የሚያድር ከሆነ ብርዱ ይጎዳዋል። ላብራዶርና ጎልደን ሪትሪቨር አዳኝ የመታውን ወፍ ሳይጎዱ በአፋቸው እንዲያመጡ የተመረጡ ስለሆኑ ከድመት ጋር ይስማማሉ፤ ችግራቸው ከሌባውም ጋር መስማማታቸው ነው። ትንንሾቹ፣ እነ ፑድልና ቺዋዋ፣ ድመቷን ባይጎዱም ጅብ የሚዞርበት ከተማ ላይ ማታ ደጅ የሚተዉ አይደሉም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉም ቺዋዋ ነበር፤ ግን ሉሉ ያደገው ቤተ መንግሥት ነው እንጂ እህል መጋዘን አይደለም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ የዝርያን ነገር ከልክ በላይ ማጋነን እንደማይገባ መናገር ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከ18 ሺህ በላይ ውሾች ባለቤቶችን ጠይቆና የ2 ሺህ ያህል ውሾችን ዘረ መል መርምሮ፣ በአንዱ ውሻና በሌላው መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት በዝርያ የሚገለጸው 9 ከመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ለነጋዴ ቋንቋ ሲመለስ፣ ለዝርያው ስም የተከፈለው ትርፍ ገንዘብ አብዛኛው ለመልክ የተከፈለ ነው።

ቀሪውን የሚወስነው በአብዛኛው አስተዳደግ ነው። ስኮትና ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአምስት ዝርያዎች ላይ ለዓመታት ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ቡችላ ማን ወገኑ ማን ባዕዱ እንደሆነ የሚለየው ከተወለደ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ድመት ያየ ቡችላ ድመትን ከቤተሰብ ይቆጥራታል። ያላየው እንደ አደን ያያታል። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናትም ውሻና ድመት አብረው የሚኖሩባቸውን ቤቶች ተመልክቶ፣ ውሻው ዓመት ሳይሞላው ድመቷም ስድስት ወር ሳይሞላት ከተገናኙ፣ ይልቁንም ድመቷ ቀድማ በቤቱ ከነበረች ስምምነቱ የተሻለ እንደሚሆን አግኝቷል። ለእኛ ነጋዴ ይህ መልካም ዜና ነው፤ በመጋዘኑ ቀድማ የምትገኘው ብዙውን ጊዜ ድመቷ ናትና።

እንግዲህ ለጎጃም ደጋ የሚያዋጣው ቡችላ የት ይገኛል ቢባል፣ መልሱ ብዙዎች ከሚያስቡት ይቀርባል። በጮቄ ሥር ባሉት ቀበሌዎች ከበግ፣ ከዶሮና ከድመት ጋር በአንድ ግቢ ያደገች እናት የወለደችው የአበሻ ቡችላ ነው። በአውሮፓና በቱርክ በግ ከተኩላ የሚጠብቁት ታላላቅ ውሾች የሚሠለጥኑት በዚሁ መንገድ ነው፤ በስምንት ሳምንታቸው ከበጎቹ መካከል ይገባሉ፣ ሲያድጉ መንጋውን ወገን አድርገው ይጠብቁታል። የኛ ገበሬ ይህን ያለ መጽሐፍ ሲያደርገው ኖሯል። የገጠሩ ውሻ ብርዱን ለምዶታል፣ እንጀራ ይበላል፣ ጅብ ምን እንደሆነም ያውቃል። ዋጋውም ቢሆን በከተማ ከሚጠየቀው ጋር አይወዳደርም፤ ብዙ ጊዜ ከደንበኛ ገበሬ በውለታ የሚገኝ ነው።

የፈረንጁን ልግዛ ለሚል ሰው ደግሞ ምክራችን አንድ ነው፤ እናቱን ሳያዩ አይግዙ። ደላላ “ንጹሕ ጀርመን ነው” ቢል ክልስ ይሁን አይሁን ከእናቱ የተሻለ ምስክር የለም። እናትየዋ ድመት ወይም ዶሮ ባለበት ግቢ ትኖራለች ወይ? ድመት ስታልፍ ትነሣለች ወይስ ጆሮዋን አቅንታ ትተኛለች? ከቡችሎቹ መካከል ሁሉን ረጋግጦ የሚወጣው ደፋሩም፣ ጥግ ገብቶ የሚንቀጠቀጠውም ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ድመት አይቶ የሚያሸት፣ ሲጠሩት ደግሞ ትቷት የሚመጣ መካከለኛው ይሻላል። ዕድሜው ስምንት ሳምንት ገደማ ይሁን። ሻጭ አንድ ወር ያልሞላውን “ጡት ጥሏል” ቢል አይመኑ።

ቡችላው ከመጣ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ወሳኝ ናቸው። ለብቻው ክፍል ወይም ጥግ ይሰጠው፤ ሽታቸውን በበሩ ሥር ይለማመዱ። ድመቷ የምትወጣበት ከፍ ያለ ቦታ፣ የጆንያ ክምርም ቢሆን፣ ውሻ የማይደርስበት ሆኖ ይቆይላት። ምግባቸው ይለይ። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የሚታሰር ቡችላ ባጠገቡ በምታልፈው ድመት ላይ ንዴቱን ማከማቸቱ ስለማይቀር፣ ቢያንስ በዓመቱ ውስጥ ሰንሰለት ባይበዛበት ይመረጣል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይከፋል፤ “ጃስ!” የሚለው ቃል። ዘበኛውና ሸክም የሚያወርዱት ልጆች ሥራ ሲፈቱ ቡችላውን በድመት ላይ እየላኩ ይስቃሉ። ሁለት ሦስት ቀን ጃስ የተባለ ቡችላ ለዕድሜ ልኩ ድመት አሳዳጅ ሆኖ ይቀራል፤ ያን ጊዜ የከፈሉት ዋጋም የመረጡት ዝርያም አያድንም። በግቢው የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህ ቃል በድመት ላይ እንዳይነገር ጥብቅ ትእዛዝ ይሰጠው።

ስለ ድመቷ ቀለብም ጥቂት እንበል። ድመት ከራባት ብዙ አይጥ ትይዛለች የሚለው አባባል አያስኬድም። የጠገበችም ታድናለች፤ የራባት ግን ሌላ ቤት ትሄዳለች። በተለይ በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋም ወተትም ከቤት ሲጠፋ ውሻው በእንጀራ ይከርማል፣ ድመት ግን በተፈጥሮዋ ያለ ሥጋ አትኖርም። ለውሻው ከቄራ የሚመጣው የበግ ሳንባና ጉበት ደግሞ ሳይቀቀል አይሰጥ፤ በውስጡ ያለው የትል እጭ በውሻው አንጀት ካደገ በኋላ እንቁላሉ ወደ ሰው ይተላለፋል።

የእብድ ውሻ በሽታን ሳያነሡ ስለ ውሻ ግዢ መጻፍ አይቻልም። በሽታው በዓለም ላይ በዓመት 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከዚያም አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ውሻውም ድመቷም በሦስት ወራቸው ይከተቡ፣ በየዓመቱም ይደገም፤ ድመት አታስተላልፍም የሚባለው ስሕተት ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። በሠፈራችን የሚታወቀውን የሥር መድኃኒት ሲሞክሩ የሚያልፉት ቀናት ሕይወት የሚያስከፍሉ ናቸው። የእንስሳት ክትባት ዋጋ ከአንድ ጆንያ ጤፍ ጋር ሲተያይ የሚወራ ወጪ አይደለም።

በመጨረሻ የግዢው ወቅት። ጤፍ ተወቅቶ ወደ መጋዘን የሚጎርፈው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፤ አይጡም የሚከተለው ያንኑ ነው። በነሐሴ መጀመሪያ የተወለደ ቡችላ በጥቅምት መጀመሪያ ስምንት ሳምንት ይሞላዋል፣ በኅዳር ይከተባል፣ አዲሱ ጤፍ ሲገባ ከድመቷ ጋር ተላምዶ ይቆያል። በጥር መጨረሻ ስድስት ወሩ ነው፤ ይጮኻል እንጂ ገና ሌባ አያስቆምም። ስለሆነም በመጪው ጥቅምት ቡችላ የሚገዛ ነጋዴ ዘበኛውን ቢያንስ እስከ ሚቀጥለው ዓመት መኸር ባያሰናብት ይሻለዋል።