ጥጉ አልገጥም ሲል፦ የሳሎን ኮርኒስን ጠርዝ ለሁለት መሥራት

እስቲ ከተቀመጣችሁበት ቀና በሉና ግድግዳችሁ ከኮርኒሱ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ተመልከቱት። በብዙዎቻችን ቤት ይህ መስመር አንዱ ጋ የተሰነጠቀ፣ ሌላው ጋ የቀለም ቀቢው ብሩሽ ያመለጠበት፣ ጥጉ ላይ ደግሞ የሸረሪት ድር የማይጠፋበት ነው። እንግዳ ሲመጣ መጋረጃውን እንቀይራለን፣ ምንጣፉን እናራግፋለን፤ ወደ ላይ ግን አናይም። ይህን መስመር የሚሸፍነውና ሳሎኑን ያለቀ ቤት የሚያስመስለው የጠርዝ ጌጥ ነው። ባልና ሚስት ተጋግዘው በሁለት ቅዳሜ ሊጨርሱት የሚችሉት ሥራ ነው። ታዲያ በስንት ቤት ሦስቱ ግድግዳ ተሠርቶ አራተኛው ቀርቷል? የቀሩት ቁራጮችስ በስንት ቤት አልጋ ሥር አቧራ ይጠጣሉ?

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። “ኮርኒስ” የሚለውን ቃል ያገኘነው ከጣልያንኛ ነው። በዚያ ቋንቋ “ኮርኒቼ” ማለት ክፈፍ፣ ወይም በግንብ አናት ላይ ወጣ ብሎ የሚሠራ የጠርዝ ጌጥ ነው። ቃሉ እኛ ጋ ሲደርስ ግን ሰፋና ጠቅላላውን የቤት የውስጥ ጣሪያ መጥሪያ ሆነ። ስለዚህ ሱቅ ገብታችሁ “ኮርኒስ እፈልጋለሁ” ብትሉ ሻጩ ስለ ችፑድ ወይም ስለ ጂፕሰም ቦርድ ሊያስረዳችሁ ይጀምራል። “ከኮርኒሱ ጠርዝ ላይ የሚገባውን ጌጥ” በሉት፤ ከተቻለም የወደዳችሁትን ፎቶግራፍ አንስታችሁ ሂዱ።

የጠርዝ ጌጥ በአብዛኛው ከሦስት ነገር ይሠራል፦ ከጂፕሰም፣ ከፎም እና ከእንጨት። ከሦስቱ ቆንጆው ጂፕሰም እንደ ሆነ አልከራከርም። ደግሞም የአገራችን ድንጋይ ነው፤ በአባይ ሸለቆ በጎሐ ጽዮን አካባቢ በወፍራም ንጣፍ ይገኛል። ድንጋዩ 150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲሞቅ በውስጡ ከያዘው ውሃ ሦስት አራተኛውን ይለቅና ጀሶ የምንለው ዱቄት ይሆናል። እኛ ውሃ ስንጨምርበት የተወሰደበትን ውሃ መልሶ ይይዝና እንደ ገና ድንጋይ ይሆናል። ጀሶ በባልዲ ውስጥ ሲጠነክር እጅ የሚያሞቀው በዚህ ምክንያት ነው። የጂፕሰም ጌጥ ስትገዙ ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩት። ቃጫ ወይም ሌላ ክር ገብቶበት ከሆነ ቢሰነጠቅ እንኳ ተያይዞ ይቆያል፤ ባዶ ጀሶ ከሆነ ግን ከመኪና ሲወርድ ይሰበራል። ሁሉም ቁራጮች ከአንድ ቅርጽ ማውጫ የወጡ መሆናቸውንም ጫፍ ለጫፍ ገጥማችሁ አረጋግጡ።

ፎሙ ቀላል ነው፣ አንድ ሰው በአንድ እጁ ያነሳዋል፣ በስለታም ቢላዋም ይቆረጣል። ሆኖም ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ፎም በቤንዚንና በአሴቶን ይሟሟል፤ ስለዚህ እነዚህን የያዘ ኮላ ብትቀቡት ዓይናችሁ እያየ ይበላል። ለፎም የሚሆን በውሃ የሚበጠበጥ ኮላና በውሃ የሚቀጥን ቀለም ብቻ ተጠቀሙ። ሁለተኛው ደግሞ እሳት ነው። ፎም በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ምድጃ ባለበት ክፍል ባይገባ እመርጣለሁ። እንጨቱ፣ ማለትም ሊስቴሎው፣ በሚስማር ስለሚመታ ለችፑድ ኮርኒስ ይስማማል።

ምርጫውን የሚወስነው ያላችሁ ኮርኒስ ነው እንጂ ልባችሁ የወደደው ብቻ አይደለም። ኮርኒሳችሁ ከአቡጀዲ ከሆነ ጂፕሰም አይታሰብም፤ የሚሸከመው የለም። ችፑድ ከሆነ በክረምት እርጥበት ይነፋል፣ በበጋ ይሸበሸባል፤ ከባድ ጀሶ ተለጥፎበት አይቆይም። ለዚህ ዓይነቱ ሊስቴሎን ከሞራሌው ጋር በሚስማር መምታት ወይም ፎም መለጠፍ ይሻላል። ጂፕሰም የሚያምርበት ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ኮርኒሱም ጂፕሰም ቦርድ ወይም ኮንክሪት ሲሆን ነው። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡትና መጀመሪያ ቆርቆሮውን አሠሩ። የምትኖሩት በኪራይ ከሆነ አከራያችሁን ሳትጠይቁ አትጀምሩ፤ የተለጠፈ ጌጥ ሲነሳ ቀለሙንና ልስኑን ይዞ ነው የሚነሳው።

በሉቃስ 14 ስለ ግንቡና ስለ ወጪው የተነገረውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለ18 ሜትር ጌጥ ግን ማናችንም ትዝ አይለንም። ሳሎናችሁ 5 ሜትር በ4 ሜትር ነው እንበል። ዙሪያው 18 ሜትር ነው። ጌጡ በ2 ሜትር የሚሸጥ ከሆነ 9 ይበቃል ማለት ነው? አይበቃም። በየጥጉ በሰያፍ ሲቆረጥ የሚባክን አለ፣ ለሙከራ የሚውል አለ፣ የሚሰበርም አለ። 11 ግዙ። አንድ ሳይነካ ከተረፈ እንዲመልስላችሁ ከሻጩ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በቀረው ገንዘብ ጀሶ ወይም ኮላ፣ ስፓቱላ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ መጋዝና በጎኑ የ45 ዲግሪ ስንጥቅ ያለው የመቁረጫ ሳጥን ያስፈልጋችኋል። ሳጥኑን ማንኛውም አናጺ ከሦስት ቁራጭ ጣውላ ይሠራላችኋል።

አሁን ወደ ጥጉ እንምጣ። ሁላችንም የምንሰማው “በ45 ቁረጠው፣ ሁለቱ 45 ሲገናኙ 90 ይሆናል” የሚል ነው። ስሌቱ ትክክል ነው። ችግሩ የቤታችን ጥግ 90 አለመሆኑ ነው። ለሳኙ አንዱ ጋ ሲሚንቶ አወፍሯል፣ ሌላው ጋ አሳስቷል፤ በጭቃ ቤት ደግሞ ግድግዳው ራሱ ከዓመታት በኋላ ያዘነብላል። ባል 45 ቆርጦ ይሰጣል፣ ሚስት ከታች ሆና ቀና ብላ ታያለች፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። “በደንብ አልለካህም”፤ “አንቺ ቀጥ አድርገሽ አልያዝሽውም”። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ግድግዳው ነው የተንጋደደው። በትዳር ምክር ስቀመጥ በገንዘብና በዘመድ የመጣ ጠብ ብዙ ሰምቻለሁ፤ በጂፕሰም የመጣም ሰምቻለሁ፤ አትሳቁ። ግድግዳው ጠማማ መሆኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ብታውቁ ግን ያ ሁሉ ንግግር አይነሳም ነበር።

ለማወቅ የሚያስፈልገው ሜትርና እርሳስ ብቻ ነው። መሰላል ላይ ወጥታችሁ ከኮርኒሱ ሥር፣ ከጥጉ ጀምራችሁ በአንዱ ግድግዳ 60 ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው ግድግዳ 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ከምልክት ወደ ምልክት በአየር ላይ በቀጥታ ለኩ። 100 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጥጉ እውነተኛ 90 ነው። ከ100 ከበለጠ ጥጉ ተከፍቷል፤ ካነሰ ተዘግቷል። ልዩነቱ በየ8 ሚሊ ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ነው። ለምሳሌ 103.3 ቢመጣ ጥጋችሁ 94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 96.6 ቢመጣ ደግሞ 86። ወለሉ አጠገብ አትለኩ፤ ታች ልክ የሆነ ግድግዳ ላይ ስትደርሱ ሌላ ይሆናል። አራቱንም ጥግ ለክታችሁ ቁጥሩን እዚያው ጌጡ በሚሸፍነው ቦታ ላይ ጻፉት።

ከዚያ የጥጉን ልክ ለሁለት አካፍሉ። 94 ለሁለት 47 ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። 47 የሚባለው በቁራጩ ርዝመትና በተቆረጠው ሰያፍ መካከል ያለው ማዕዘን ነው። የኤሌክትሪክ መጋዝ ግን ቀጥ ብሎ ሲቆርጥ ዜሮ ስለሚያሳይ፣ መጋዙ ላይ የምታስተካክሉት 90 ሲቀነስ 47፣ ማለትም 43 ነው። የመቁረጫ ሳጥን ብቻ ካላችሁም መላ አለው፦ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ሳጥን ውስጥ፣ በጌጡና በሳጥኑ ጎን መካከል፣ በአንዱ ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሽብልቅ ብታስገቡ ማዕዘኑ 2 ዲግሪ ያህል ይቀየራል። በየትኛው ጫፍ እንደሚገባ ለማወቅ በቁርጥራጭ ሞክሩ።

ስትቆርጡ ጌጡ በሳጥኑ ውስጥ ተገልብጦ ይቀመጣል። ኮርኒሱን የሚነካው ጎን ወደ ታች በሳጥኑ ወለል ላይ፣ ግድግዳውን የሚነካው ጎን በቆመው ጣውላ ላይ ይደገፋል። ለውስጥ ጥግ ሲቆረጥ የግድግዳው ጎን ረጅም፣ የኮርኒሱ ጎን አጭር ሆኖ ይወጣል። እንደ ምሰሶ ወደ ክፍሉ ወጣ ላለ የውጭ ጥግ ግን ተቃራኒው ነው። ግራና ቀኝ ሲጨመርበት አራት ዓይነት አቆራረጥ ይሆናል፤ በጭንቅላት መያዙ ያደክማል። ስለዚህ ከአንዱ ጌጥ ላይ አራት አጫጭር ናሙና ቆርጡና በጀርባቸው “ውስጥ ግራ”፣ “ውስጥ ቀኝ”፣ “ውጭ ግራ”፣ “ውጭ ቀኝ” ብላችሁ ጻፉ። ረጅሙን ከመቁረጣችሁ በፊት ናሙናውን አጠገቡ አድርጋችሁ አመሳስሉ። ይህ ከብዙ ብር ያድናችኋል።

የልክ አነጋገርንም አስቀድማችሁ ተስማሙ። “ሦስት ከሁለት” ሲባል አንዱ 3.02 ይሰማል፣ ሌላው 3.20። ሁሉንም በሴንቲ ሜትር፣ “ሦስት መቶ ሁለት” ብላችሁ ተናገሩ፤ የሚቆርጠውም ከመቁረጡ በፊት ደግሞ ይመልስ። ከጥግ እስከ ጥግ ስትለኩ ሜትሩ ጥጉ ላይ ስለሚታጠፍ ልክ አይሰጥም። ከአንዱ ጥግ 1 ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከሌላው ጥግ እስከ ምልክቱ ለኩ፣ ደምሩ። ደግሞ መሰላል ላይ የሚወጣው ባል፣ ሻይ የምታፈላው ሚስት የሚል ሕግ የትም አልተጻፈም። እጁ የማይንቀጠቀጥ ይቁረጥ፣ ከፍታ የማይፈራ ይውጣ። በጌጡ ዓይነት ላይ ግን ሳትስማሙ አንዳችሁም ወደ ሱቅ አትሂዱ።

ለመለጠፍ አንድ ቁራጭ ጥጉ ላይ ይዛችሁ ታችኛው ጎኑ የሚደርስበትን በየግድግዳው ምልክት አድርጉና ክር ወጥራችሁ አስምሩ። ከመስመሩ በላይ ያለውን ቀለም በመፋቂያ አሻክሩ፣ አቧራውን አራግፉ፣ ለጂፕሰም ከሆነ ግድግዳውንም የጌጡንም ጀርባ በውሃ አርጥቡ፤ ደረቅ ሲሚንቶ የጀሶውን ውሃ ይጠጣዋል። ጀሶውን ወደ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ ጀሶ አይደለም። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መጠንከር ስለሚጀምር ለአንድ ቁራጭ የሚበቃ ብቻ በጥብጡ፤ ባልዲውንም በየጊዜው እጠቡ፤ የደረቀ ጀሶ የቀረበት ባልዲ አዲሱን ያፈጥነዋል። በመስመሩ ላይ ትንንሽ ሚስማሮች መትታችሁ ጌጡን አስደግፉት፤ ሲይዝ ትነቅሏቸዋላችሁ።

ከየት ይጀመር? በሩ ካለበት ግድግዳ ጀምሩ። የመጀመሪያው ጥግ ሁልጊዜ የሁሉም ደካማ ነው፤ ሰው ሲገባ ጀርባውን የሚሰጠው ለዚያ ግድግዳ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ወዳለው ስትደርሱ እጃችሁ ለምዷል።

ጥንቃቄውን በአጭሩ ልናገር። በኮርኒሱ አካባቢ የመብራት ሽቦ ስለሚያልፍ ሚስማር ከመምታታችሁ በፊት ከቆጣሪው አጥፉ። ስትፍቁና ስትቆርጡ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ መነጽር አድርጉ። ቤቱ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ወይም ጂፕሰሙ ሰፊና ከባድ ከሆነ ባለሙያ ጥሩ፤ አሁን የጥጉን ልክ ስለምታውቁ የሠራውን ማየት ትችላላችሁ። ዋጋ ስትከራከሩም መሰላል ላይ እጁን ሰቅሎ የሚውል ሰው መሆኑን አትርሱ።

ጥጉ ላይ እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ክፍተት ቢቀር አትደንግጡ፤ ጀሶ ወይም ስቱኮ በጣታችሁ ሞልታችሁ በእርጥብ ስፖንጅ አስተካክሉት፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። በክረምት ጂፕሰም ቶሎ ስለማይደርቅ ሥራውን ከመስከረም በኋላ ብትጀምሩት ይሻላል። ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት በነበረው ማታ መብራቱን አጥፉና የእጅ ባትሪ ከግድግዳው አጠገብ በጎን በኩል አብሩበት። በቀን ያልታየው ጉብታና ቀዳዳ ሁሉ ጥላ ጥሎ ይወጣል። አንዳችሁ ባትሪውን ያዙ፣ አንዳችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ነጩ ቀለም ነገ ነው።