የሞተር ሳይክል የፊት አሞርዛቶር በኮረኮንች መንገድ ላይ ምን ይሠራል?

ከወረዳ ከተሞች ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚወስዱ የጠጠር መንገዶች ላይ ሞተር ሳይክል የማይጭነው ነገር የለም። የግብርና ባለሙያው ከማሳ ማሳ ይዘዋወርበታል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የክትባት ሣጥኗን አሥራ ትጓዝበታለች፤ አርሶ አደሩ እንቁላሉን፣ ወተቱንና ቲማቲሙን ለገበያ ያደርስበታል። አምቡላንስ በማይገባበት ሥፍራ ደግሞ ሕመምተኛ ይታዘልበታል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው በሁለት ጎማዎች ላይ ነው። ከሁለቱ አቅጣጫ የሚይዘውም፣ ፍሬን ሲያዝ አብዛኛውን ክብደት የሚቀበለውም የፊተኛው ነው።

በእነዚህ መንገዶች ላይ የሚመላለስ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያያል። ከሞተሩ የፊት እግሮች ላይ ዘይት ወርዶ፣ በዘይቱ ላይ አቧራ ተጋግሮ፣ ሞተሩ ግን ያለ ሐሳብ ሲነዳ። ብዙ አሽከርካሪዎች ይህን የምቾት ጉዳይ አድርገው ይወስዱታል፤ እጅን ትንሽ ከማንገጫገጭ ያለፈ ጉዳት የሌለው ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን ከምቾት ይልቅ ወደ ፍሬንና ወደ መሪ የቀረበ ነው።

የፊት አሞርዛቶር፣ አንዳንዶች ሾክ የሚሉት፣ ጎማውን ግራና ቀኝ ይዘው የሚወርዱት ሁለት እግሮች ናቸው። እያንዳንዱ እግር አንዱ በሌላው ውስጥ ወጣ ገባ የሚሉ ሁለት ቱቦዎች አሉት። በውስጣቸው ረጅም ሞላና የተመጠነ ዘይት ይገኛል። ሞላው ክብደቱን ይሸከማል፤ ድንጋይ ሲመታውም ታጥፎ ጉልበቱን ያጠራቅማል። ያጠራቀመውን ጉልበት ግን መልሶ ይተፋዋል። ሞላ ብቻ ያለው ሞተር አንድ ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ሦስት አራት ጊዜ የሚነጥረው በዚህ ምክንያት ነው። ዘይቱ የተጨመረው ይህን ንጥረት ለመግታት ነው። ቱቦው ወደ ታችና ወደ ላይ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች እንዲያልፍ ይገደዳል። ከብት የሚከተብበትን መርፌ ያሰበ ሰው አሠራሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ቀስ ብለው ሲገፉት ያለ ድካም ይሄዳል፤ ፈጥነው ሲገፉት እጅን ይታገላል። አሞርዛቶሩም እንዲሁ ለዝግታ ይለዝባል፤ ለድንገተኛ ምት ይጠነክራል። የሞላው ጉልበት በዘይቱ ውስጥ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል።

ይህ ንድፍ አዲስ አይደለም። የጀርመኑ ቢ ኤም ደብልዩ እ.ኤ.አ. በ1935 አር 12 የተባለውን ሞተር ሳይክል ሲያወጣ በዘይት የሚገታ የቱቦ አሞርዛቶር ገጥሞለት ነበር። ዛሬ በየከተማው የምናያቸው አብዛኞቹ ሞተሮች የዚያው ሐሳብ ልጆች ናቸው። ከዚህ የተለየ መንገድ የያዙም አሉ። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ ያቀረበው ሱፐር ከብ የፊት ጎማውን የሚይዘው በረጃጅም ቱቦዎች ሳይሆን በአጫጭር ክንዶች ነው። የባጃጅም የፊት ጎማ እንደዚሁ በአጭር ክንድ ላይ ተሰቅሎ፣ ሞላውና አሞርዛቶሩ በአጠገቡ ቆመው ይታያሉ። የዚህ አሠራር ሥር እ.ኤ.አ. በ1946 የጣሊያኑ የአውሮፕላን መሐንዲስ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ወደነደፈው ቬስፓ ይመለሳል። የቅርጽ ልዩነቱ ቢኖርም የሞላውና የዘይቱ የሥራ ክፍፍል በሁሉም ዘንድ አንድ ነው።

አሁን ወደ ፍሬኑ እንምጣ። ሞተሩ፣ አሽከርካሪውና አንድ ተሳፋሪ በአንድነት 250 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ከዚህ ውስጥ 100 ያህሉ በፊት ጎማ፣ 150 ያህሉ በኋላ ጎማ ላይ ቢያርፍ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ጠንከር ያለ ፍሬን ሲያዝ 70 ኪሎ ግራም የሚሆን ጫና ከኋላ ወደ ፊት ይዛወራል። ግምታዊ ስሌት ነው፤ በጠጠር ላይ የሚዛወረው ከዚህ ያንሳል። ሆኖም አቅጣጫው ያው ነው። ሞተሩን የሚያቆመው በዋናነት የፊት ጎማው ነው፤ ሊያቆም የሚችለውም መሬት ሲነካ ብቻ ነው። ዘይት ያለቀበት አሞርዛቶር ግን ጎማውን ያነጥረዋል። ጎማው በአየር ላይ ባለበት ቅጽበት ፍሬን ቢያዝ ጎማው ይቆማል እንጂ ሞተሩ አይቆምም፤ ተመልሶ መሬት ሲነካም ቀጥ ብሎ ከመንከባለል ይልቅ ይንሸራተታል። አሽከርካሪው የሚወድቀው ያኔ ነው፤ ሲጠየቅም ጠጠሩ እንዳንሸራተተው ይናገራል።

ሌላም መዘዝ አለ። የሚፈሰው ዘይት ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ታች ያለው ደግሞ ፍሬኑ ነው። ዲስክ ፍሬን ባላቸው ሞተሮች ላይ ዘይቱ ዲስኩንና ሸራውን ካገኘ ፍሬኑ አይዝም። ዘይት የጠጣን ሸራ በቤንዚን አጥቦ መልሶ መግጠም የተለመደ ቢሆንም የሚመከር አይደለም፤ መቀየር ይገባዋል።

በኮረኮንች መንገድ ላይ በተከታታይ የሚደረደሩትን፣ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ የተጎረበጡ ሞገዶች የማያውቅ ተጓዥ የለም። እነዚህ ሞገዶች የሚፈጠሩት የተሽከርካሪዎች ሞላ በመጥፎነቱ ነው የሚል አስተያየት ይሰማል። ቴይበርሌ፣ ሞሪስና ማክኤልዌን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ግን ምንም ሞላ የሌለው ተራ ጎማ እንኳ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ በአሸዋ ላይ ሲሽከረከር ሞገዱን እንደሚፈጥር በሙከራ አሳይተዋል። መንስኤው ፍጥነቱና ልቅ አፈሩ ነው። ስለዚህ ሞገዱ በጠጠር መንገድ ላይ ሁልጊዜ ይኖራል፤ አሞርዛቶሩ ሊቋቋመው ግድ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር በአንድ ሰከንድ 10 ሜትር ይሄዳል። ሞገዶቹ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢደረደሩ ጎማው በሰከንድ 20 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። አሞርዛቶሩ ታጥፎ እስኪዘረጋ የተሰጠው ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሃያኛው ብቻ ነው። እዚህ ላይ በአንዳንድ ጋራዦች የሚሠራ ስሕተት ጎልቶ ይወጣል። የሚፈስ አሞርዛቶር ይዞ የመጣን ደንበኛ ዘይቱ እንዳይፈስ በሚል ወፍራም የካምቢዮ ዘይት ይሞሉለታል። ፍሰቱ ለጥቂት ሳምንታት ይቀንሳል። ነገር ግን ወፍራም ዘይት በጠባቡ ቀዳዳ ቶሎ አያልፍም፤ ስለዚህ አሞርዛቶሩ ከመጀመሪያው ምት ሳይዘረጋ ሁለተኛው ይደርስበታል፤ ሦስተኛው ሲመጣ ጭራሹን ተጨምድዶ ይቀራል። ያኔ አሞርዛቶር ያለው ሞተር እንደሌለው ይሆናል። ለፊት አሞርዛቶር የተዘጋጀ ቀጭን ዘይት አለ፤ ዓይነቱና መጠኑ በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፤ በሁለቱም እግሮች ውስጥ እኩል መሆን አለበት።

ሁለተኛው የተለመደ መላ በሞላው አናት ላይ የብረት ቁራጭ ወይም ቀለበት ጨምሮ ማጥበቅ ነው። ጭነት ለሚበዛበት ሞተር ይህ ሞላውን የሚያጠነክር ይመስላል። እውነታው ግን ሌላ ነው። የሞላው ጥንካሬ የሚወሰነው በሽቦው ውፍረትና በጥምዝ ብዛቱ ነው። ቁራጩ የሚለውጠው ሞላው መታጠፍ የሚጀምርበትን ጫና ብቻ ነው። አሽከርካሪው ሲቀመጥ አሞርዛቶሩ ከጠቅላላ እንቅስቃሴው ከሩብ እስከ ሲሶ ዝቅ ማለቱ ጉድለት አይደለም፤ ጎማው ጉድጓድ ሲያጋጥመው ወደ ታች ተዘርግቶ መሬቱን እንዲከተል የተተወ ክፍተት ነው። ቁራጭ ተጨምሮ ይህ ክፍተት ሲጠፋ ጎማው በጉድጓዱ ላይ ተንሳፎ ያልፋል። ክብደት የሚያበዛ ሰው የሚበጀው በጥምዝ ውፍረቱ ጠንከር ያለ ሞላ ማስገጠም ነው፤ ካልተገኘ ጭነቱን መቀነስ።

ስለ ጭነት ከተነሣ የአቀማመጡም ነገር አለ። ከኋላ ጎማው መሐል አልፎ የታሠረ ጆንያ ሞተሩን እንደ ሚዛን ክንድ ወደ ኋላ ይደፋዋል፤ የፊት ጎማው ይቀልላል፤ መሪውም ይላላል። ዳገት ላይ ሲሆን ይብሳል። ያንኑ ክብደት ወደ አሽከርካሪው ጀርባ ማስጠጋት ወይም ግራና ቀኝ ዝቅ አድርጎ ማሠር ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ከአሞርዛቶሩ በፊት ምቱን የሚቀበለው ጎማው ራሱ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በውስጡ ያለው አየር የመጀመሪያው ሞላ ነው። ይህን በጉልህ የሚያሳይ ምሳሌ የሚገኘው በረዶ በሚበዛባቸው የሰሜን አሜሪካ ተራሮች ነው። በአሜሪካና በካናዳ ክረምት ሲገባ የተራራ ሞተራቸውን የፊት ጎማ አውልቀው በምትኩ የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ፣ በኋላ ጎማ ፋንታ ደግሞ እንደ ታንክ ሰንሰለት የሚዞር ሰፊ ቀበቶ የሚገጥሙ አሉ። ሞተሩ ያው ነው፤ የፊት አሞርዛቶሩም ያው ነው። ሰሌዳው ግን በአየር የተሞላ ጎማ ስላልሆነ ትንንሹን ምት የሚውጥለት የለውም። በሰሌዳውና በመያዣው መካከል የጎማ ትራስ የሚደረገው፣ ብዙዎችም ሞላውን በጠንካራ የሚለውጡት ለዚህ ነው። በተጨማሪም ብርዱ ዘይቱን ያወፍረዋል፤ ያኔ የሚገጥማቸው ችግር እኛ ዘንድ የካምቢዮ ዘይት የተሞላበት አሞርዛቶር ከሚያመጣው ብዙ አይለይም። ለኛ የሚተርፈው ነጥብ ቀላል ነው፤ ጎማን ከልክ በላይ መንፋት የመጀመሪያውን ሞላ ማውለቅ ነው።

የፊት እግሮቹ ዘንበል ብለው የተሠሩት ለውበት አይደለም። የመሪው ዘንግ ወደ መሬት ቢዘረጋ ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ ቀድሞ ያርፋል። ጎማው ከዘንጉ ኋላ ስለሚከተል፣ ድንጋይ ገፍቶት ቢያዘነብል እንኳ ራሱ ወደ ቀጥታው ይመለሳል። በግጭት የተጣመመ እግር ይህን ልክ ያዛባል። እንዲህ ያለውን ቱቦ በእሳት አሙቆ ማቅናት በየቦታው ይታያል። ብረቱ በእሳት ሲለሰልስ ጥንካሬውን ያጣል፤ ላዩ ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ሽፋንም ይላጣል። ዓይን ቀጥ ብሎ የሚያየው ቱቦ በቀጣዩ ጉድጓድ ላይ የሚታጠፍ ሊሆን ይችላል። ዋጋው የሚከብድ ቢሆንም በእሳት የቀናን እግር ይዞ ሰው ማሳፈር አይገባም።

አሞርዛቶርን ቶሎ የሚገድለው ጭቃ ነው። በቱቦው ላይ የደረቀ ጭቃ እንደ ሞረድ ሆኖ ሽፋኑን ይቧጭራል፤ የተቧጨረው ቱቦ ደግሞ ዘይቱን የሚከላከለውን ጎሚኒ ይቆርጠዋል። ጎሚኒውን ብቻ ቀይሮ ቱቦውን ሳያዩ መግጠም በወሩ መልሶ ጋራዥ የሚያስገባው ለዚህ ነው። ለገጠር ሥራ ታስበው በተሠሩ አንዳንድ ሞተሮች ላይ ቱቦውን የሚሸፍን፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ የጎማ እጀታ አለ። በሌሎቹም ላይ ሊገጠም ይችላል፤ በእኔ አስተያየት ለገጠር ሞተር ከሚገዙ ተጨማሪ ዕቃዎች ሁሉ መቅደም ያለበት እርሱ ነው። እጀታ የሌለው ሰው ማታ ጭቃው ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ቱቦውን ይጥረግ።

ፍተሻው መሣሪያ አይፈልግም። ሞተሩን አቁሞ፣ የፊት ፍሬን ይዞ፣ በመሪው ላይ በሙሉ ክብደት ተጭኖ መልቀቅ ነው። ጤነኛ አሞርዛቶር ወርዶ አንድ ጊዜ ይመለስና ይረጋል። የሚነጥር ከሆነ ዘይቱ አልቋል ወይም አርጅቷል፤ ቀርቶ ቀርቶ የሚወጣ ከሆነ ቱቦው ተጣሟል ወይም ዘይቱ ወፍሯል። ቀጥሎ ቱቦውን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ መጥረግ፤ ክብ የዘይት መስመር ከታየ ጎሚኒው ተበልቷል። በመጨረሻ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቶ እግሮቹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ መነቅነቅ፤ የሚንኳኳ ድምፅ ካለ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል። ይህኛው ከአሞርዛቶሩ ጋር ስለሚምታታ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ አሞርዛቶር ይለውጣል።

ከእግሮቹ የተቀዳውን አሮጌ ዘይት በጋራዡ ደጅ መድፋት የተለመደ ነው። ያ ዘይት በዝናብ ታጥቦ ወደ ጓሮ አትክልትና ወደ ምንጭ ይወርዳል። በጀሪካን አጠራቅሞ፣ ያገለገለ የሞተር ዘይት ለሚሰበስቡ መስጠት ይቻላል።