የመዘንኩት ፊልሙን ነው ወይስ ሽልማቱን? በ1976ቱ የአሜሪካ ፊልሞች ላይ የቀረበ ንጽጽር

ባለፈው ሴሚስተር በፊልም ሂስ ትምህርታችን የ1970ዎቹን የአሜሪካ ፊልሞች አወዳድረን ብይን እንድንሰጥ የቤት ሥራ ተሰጥቶን ነበር። እኔም ለአንድ ዓመት የኦስካር ሽልማት የተፎካከሩ ሥራዎችን መርጬ ጻፍኩ። አሸናፊውን «ሮኪ»ን የመጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀመጥኩት። እውነቱን ለመናገር ምክንያቴ «ሁሉም ሰው የሚወደው ፊልም ነው» ከማለት ያለፈ አልነበረም። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ከግርጌው አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈውበት ነበር፦ «የመዘንከው ፊልሙን ነው ወይስ ሽልማቱን?» ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልሴ ነው።

በቅድሚያ ስለ ዘመኑ ጥቂት ልበል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ፕሬዝዳንት ኒክሰን በዋተርጌት ቅሌት ሳቢያ በ1974 ሥልጣን ለቀቁ። በ1975 ደግሞ የቬትናም ጦርነት አበቃ። በ1976 አሜሪካ የነጻነቷን 200ኛ ዓመት ስታከብር ሕዝቡ በመንግሥቱ ላይ የነበረው እምነት ተሸርሽሮ ነበር። በመጋቢት 1977 በተካሄደው የኦስካር ሥነ ሥርዓት ለምርጥ ፊልም የታጩት አምስት ነበሩ፦ የጆን አቪልድሰን «ሮኪ»፣ የማርቲን ስኮርሴዚ «ታክሲ ድራይቨር»፣ የሲድኒ ሉሜት «ኔትወርክ»፣ የአለን ፓኩላ «ኦል ዘ ፕሬዝዳንትስ ሜን» እና የሃል አሽቢ «ባውንድ ፎር ግሎሪ»። የመጨረሻው የዘፋኙን የውዲ ገትሪን ሕይወት የሚተርክና ወደ 1930ዎቹ የሚመለስ በመሆኑ እዚህ ትቼዋለሁ። አራቱ ግን የሚናገሩት ስለዚያው ስለ ራሳቸው ዘመን ነው።

ሽልማቱን እንቁጠር ካልን «ሮኪ» ምርጥ ፊልምና ምርጥ ዳይሬክተርን ጨምሮ ሦስት ወሰደ። «ኔትወርክ» እና «ኦል ዘ ፕሬዝዳንትስ ሜን» አራት አራት ወሰዱ። «ታክሲ ድራይቨር» አንድም አላገኘም። ነገር ግን ይኸው ፊልም በ1976 በካን ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት አግኝቷል። የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት በ1998 ባወጣው የመቶ ፊልሞች ዝርዝር «ታክሲ ድራይቨር» 47ኛ፣ «ሮኪ» ደግሞ 78ኛ ነበሩ። በ2007 ዝርዝሩ ሲታደስ «ታክሲ ድራይቨር» ወደ 52ኛ ወረደ፤ «ሮኪ» ወደ 57ኛ ወጣ። ፊልሞቹ ያው ናቸው፤ የተቀየረው ዳኛው ነው። እንግዲህ ሽልማትም ሆነ ደረጃ ስለ ዳኞቹ መረጃ ይሰጠናል እንጂ መመዘኛ ሊሆነን አይችልም። ሽልማት ያገኘውን ሁሉ መናቅም ያው በሽልማት መመዘን ነው። የኔ ጥፋት ይኼ ነበር።

ታዲያ በምን እንመዝን? እኔ ሦስት ጥያቄዎች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ፊልሙ ምን ሊያደርግ ተነሣ፣ አደረገውስ? ሁለተኛ፣ ነገሩን የሚያሳየን በምስልና በድምፅ ነው ወይስ በንግግር ይነግረናል? ሦስተኛ፣ ሲያልቅ ለተመልካቹ ምን ይተውለታል?

«ሮኪ»ን በእነዚህ ጥያቄዎች እንደገና አየሁት። ጽሑፉ የሲልቨስተር ስታሎን ነው፤ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራ ርካሽ ፊልም ነው። ሮኪ ከውድድሩ በፊት በነበረው ሌሊት ለአድሪያን እንደማያሸንፍ ይነግራታል። የሚፈልገው 15ቱን ዙር ሳይወድቅ መጨረስ ብቻ ነው። ደረጃውን የሚወጣበትን ትዕይንት ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን መጀመሪያ ላይ ያንኑ ደረጃ እያለከለከ፣ ጎኑን ይዞ እንደወጣው ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ለውጡን ማንም በቃል አይነግረንም፤ ሰውነቱ ያሳየናል። ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን መጨረሻው ነው። ሮኪ በዳኞች ድምፅ ተሸንፏል፤ ውጤቱ ሲነገር ግን ከጫጫታው ውስጥ በቅጡ አይሰማም፤ እሱ አድሪያንን እየተጣራ ነው። የዳኞች ብይን ዋናው ነገር አይደለም የሚለውን ፊልም እኔ በዳኞች ብይን መዝኜው ኖሯል! ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። ተጋጣሚው አፖሎ ክሪድ ከጉረኛነቱ ውጪ ብዙ ነገር አልተሰጠውም፤ አድሪያንም ብትሆን ከጊዜ በኋላ ለሮኪ መበረታቻ ብቻ ሆና ትቀራለች።

«ኔትወርክ» ሥራውን ሊያጣ የተቃረበ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ በቀጥታ ስርጭት ራሴን አጠፋለሁ ሲል ይጀምራል። ተመልካቹ ሲበዛ ጣቢያው ሰውዬውን እንደ ሸቀጥ ይነግድበታል። ዛሬ ቁጣ እንዴት እንደሚሸጥ የምናይ ሰዎች ደራሲው ፓዲ ቻየፍስኪ ቀድሞ ያየው ይመስለናል። ይሁን እንጂ ትንቢቱ ስለደረሰ ብቻ ፊልሙ የተሻለ ፊልም አይሆንም። ብዙዎቹ ገጸ ባሕርያት በደራሲው አንደበት ረጅም ዲስኩር ያደርጋሉ። ትወናው ግሩም ነው፤ ፊልሙ ከታየ በኋላ በጥር 1977 የሞተው ፒተር ፊንች ሽልማቱን ያገኘው ከሞተ በኋላ ነው። ግን ዐይኔን ጨፍኜ ባዳምጠው ብዙ የሚቀርብኝ ነገር የለም።

«ኦል ዘ ፕሬዝዳንትስ ሜን» ከባድ ችግር ነበረበት፤ መጨረሻውን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለት የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጠኞች ስልክ ሲደውሉ፣ ማስታወሻ ሲይዙ፣ በር ሲያንኳኩ ማየት እንዴት ልብ ያንጠለጥላል? ፓኩላ መልሱን በካሜራ ሰጠ። ጋዜጠኞቹ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የውሰት ካርዶችን አንድ በአንድ ሲያገላብጡ ካሜራው ወደ ጣሪያው ከፍ እያለ ይሄዳል፤ እነሱም እንደ ነጥብ ያንሳሉ። ሥራው ምን ያህል ግዙፍ፣ እነሱም ምን ያህል ትንሽ እንደሆኑ ያለ አንድ ቃል ይገባናል። ድክመቱ ስለ ሁለቱ ሰዎች ከሥራቸው ውጪ ብዙ አለማወቃችን ነው። ለተነሣበት ዓላማ ግን ይህ አያስፈልገውም ባይ ነኝ።

ወደ «ታክሲ ድራይቨር» ስመጣ ከመጀመሪያው ወረቀቴ ያልተቀየረ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ አሁንም አንደኛ ነው። ምክንያቱ ግን ተቀይሯል። በፊት «ሽልማት የተነፈገ» ስለሆነ ነበር። አሁን ግን አንድ ትዕይንት እጠቅሳለሁ። ትራቪስ የከፋት ልጅ ዘንድ ስልክ ደውሎ ይለማመጣታል፤ ካሜራው እሱን ትቶ ወደ ጎን ይሄድና ባዶ ኮሪደር ላይ ይቆማል። ድምፁ ብቻ ይሰማል። እፍረቱን ለማየት ካሜራውም ያልቻለ ይመስላል። መጨረሻው ደግሞ ይብሳል። ትራቪስ ለምርጫ የሚወዳደር ፖለቲከኛ ሊገድል ሄዶ ሳይሳካለት ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ሰዎችን ሲገድል ጋዜጦች ጀግና ያደርጉታል። ሰውዬው ያው ነው፤ የተለየው ጥይቱ ያረፈበት ቦታ ነው። ፊልሙ አይፈርድለትም፣ አይፈርድበትምም። ፍርዱን ለእኛ ይተወዋል።

ለማጠቃለል፣ ብይኔ ይህ ነው፦ «ታክሲ ድራይቨር» አንደኛ፣ «ኦል ዘ ፕሬዝዳንትስ ሜን» ሁለተኛ፣ «ሮኪ» ሦስተኛ፣ «ኔትወርክ» አራተኛ። የክፍል ጓደኞቼ ብዙዎቹ እንደማይስማሙ አውቃለሁ። ደስ ይለኛል፤ ግን «ኦስካር ወስዷል» ወይም «እኔ ወድጄዋለሁ» ብላችሁ አትምጡብኝ። ትዕይንቱን ጥቀሱና በትዕይንቱ እንከራከር። ነገ በፊልም ሥራ ወይም በሂስ ስንሰማራ የምንሰጠው ብይን የሌላ ሰው ልፋት ላይ ነው። ሳያዩ መፍረድ የሚጎዳው ፊልሙን ብቻ አይደለም፤ የሠራውንም ሰው ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ወረቀቱን እስካሁን አልጣልኩትም።