የሟቿ ወንጌል

ሩስያዊው ደራሲ ፌዮዶር ዶስቶየቭስኪ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1866 ዓ.ም. ያወጣው «ወንጀልና ቅጣት» የተባለው መጽሐፍ፥ ገዳዩን ከመጀመሪያው የሚያሳውቅ የምርመራ ታሪክ ነው። ስለዚህ አንባቢው የሚጠባበቀው የገዳዩን ስም ሳይሆን የነፍሱን መጨረሻ ነው።

ራስኮልኒኮፍ ትምህርቱን ያቋረጠ ድኻ ተማሪ ነበረ። ዕቃ በመያዣ እየተቀበለች በአራጣ የምታበድር አንዲት አሮጊት በመጥረቢያ ገደለ፤ ሳይታሰብ የደረሰችውን የዋሂቱን እኅቷን ሊዛቬታንም ጨመራት። የዘረፈውን ግን ከድንጋይ ሥር ሸሸገው እንጂ አልተጠቀመበትም።

መርማሪው ፖርፊሪ ገዳዩን በልቡ ቢያውቀውም የሚጨበጥ ማስረጃ አጣ። በዚህ መካከል አንድ ምስኪን ቀለም ቀቢ ያልሠራውን ወንጀል «እኔ ሠራሁት» አለ። የተማረው ዝም ቢል ያልተማረው ሊቀጣ ሆነ።

እኛን ከሁሉ ያስደነቀን ይህ ነው፤ ቤተ ሰቧን ለማብላት ገላዋን የሸጠችው ሶንያ የአልዓዛርን ትንሣኤ ያነበበችለት፥ ሊዛቬታ በሕይወት ሳለች ካመጣችላት ሐዲስ ኪዳን ነው። የሟቿ መጽሐፍ ለገዳዩ የሕይወት ጥሪ ሆነ። በመጨረሻም በገዛ እግሩ ሄዶ አመነ፤ ስምንት ዓመት በሳይቤርያ ከባድ ሥራ ተፈረደበት፤ ሶንያም ተከተለችው። ንስሐ ከፍርድ አላስመለጠውም፤ ነገር ግን እስራቱን የመዳን መንገድ አደረገለት።

ወላጆች ሆይ፥ በቤታችን ገንዘብ ሲጠፋ አስቀድመን የምንጠረጥረው ሠራተኛይቱን አይደለምን? ልጃችን «እኔ ነኝ» ለማለት እንዲደፍር፥ እውነትን በቍጣ ሳይሆን በትዕግሥት እንቀበል። አንዲት ቃል ሁለት ነፍስ ታድናለችና፤ የበደለውንም፥ ያለ በደሏ የተጠረጠረችውንም።